ደረበና ሲጋራው በሽማግሌ ፊት

ደረበ የትራክተር ሾፌር ነው። ከኮኪት ወጣ ብላ ባለች አንዲት ትንሽ ቀበሌ የሰሊጥ መሬት ያርሳል። ትራክተሩ ከፊት በጭስ ማውጫው ያጨሳል፣ ደረበ ከኋላ በአፉ ያጨሳል። ሁለቱ ከአቧራው ውስጥ ብቅ ሲሉ አራሚዎቹ ቀና ይሉና «የትኛው ነው ዛሬ ጋራዥ የሚገባው?» እያሉ ይስቃሉ። ደረበም አብሮ ይስቃል። ክፉ ሰው አይደለም። ሲጋራ የለመደው ገና ረዳት እያለ ነው፤ መተማ ዮሐንስ ላይ ከሱዳን ሾፌሮች ጋር ወረፋ ሲጠብቅ «እንካ ሳብ አድርግ፣ ፀሐዩን ያስረሳል» አሉት። ፀሐዩን አላስረሳውም። ሲጋራው ግን አብሮት ቀረ።

ነገሩ የከበደው ልጁ ወንጌል ከተወለደች በኋላ ነው። ሕፃኗን ደረቷን ያፍናታል። ጤና ጣቢያ ሲወስዷት «ቤት ውስጥ የሚያጨስ ሰው አለ?» ተባሉ። ሚስቱ አገኘሽ ደረበን አየችው፣ ደረበ ጣራውን አየ። ከዚያ ወዲህ «አቆማለሁ» ያላለበት ቀን የለም። በእናቱ ምሏል፣ በጊዮርጊስ ምሏል፣ በትራክተሩ ሳይቀር ምሏል። መጨረሻ ላይ አገኘሽ ልጇን አዝላ ገለጉ ወላጆቿ ዘንድ ልትሄድ ጭነት መኪና ላይ ስትወጣ እንዲህ አለችው።

«ለእኔ የማልከውን ሁሉ በልተኸዋል። ከእንግዲህ ሽማግሌ ፊት ቁመህ ሲጋራን ፈታሁ በል። ሽማግሌ ተለያይተዋል ሲለኝ እመጣለሁ። አለዚያ ወንጌልን ጭስ ውስጥ አላሳድጋትም።»

ያን ሰሞን ደግሞ ቀበሌው ሲጋራ ላስቁም ብሎ ተነሥቶ ነበር። ሥራው የተሰጠው ለጤና ሠራተኛው ለወንድዬ ነው። ወንድዬ መጋዘኖቹ ላይ «ማጨስ ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ለጠፈ፤ ፍየል በላው። ከፍ አድርጎ ለጠፈ፤ የቀን ሠራተኞቹ ከሥሩ ቁጭ ብለው እያጨሱ አነበቡት። ግራ ሲገባው በቀበሌው ምክር ቤት ስብሰባ ላይ ተነሣና፣ «ሰው ከሚስቱ ሲጣላ የሚዳኙ ሽማግሎች አሉን። ከሲጋራ መለየትም ያው መለየት ነው። ለምን እነሱ አይቀመጡበትም?» አለ። ምክር ቤቱ አጨበጨበ። ደረበ ይህን ሲሰማ ትራክተሩን እርሻው መሐል አቁሞ ነው የመጣው። ለእሱ ተብሎ የተሠራ መሰለው።

ሽማግሎቹ ኩመሩ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ሰብሳቢው አቶ አለምሰገድ ናቸው፤ በእሳቸው እጅ ገብቶ ሳይታረቅ የወጣ ባልና ሚስት የለም ይባላል። ከጎናቸው አቶ አባይ አሉ። ሌሎቹ ጭራቸውን ይዘው ዝንብ ያባርራሉ። ደረበ የሲጋራውን ፓኮ ከኪሱ አውጥቶ ቆመ።

«እሷን እዚያ አስቀምጣት» አሉ አቶ አለምሰገድ። ባዶ በርጩማ መጣና ፓኮዋ ተቀመጠችበት። «የሚናገርላት ሰው ያስፈልጋታል። ዝም ያለችን ፍጡር አስቀምጦ ማማት ነውር ነው። አባይ፣ አንተ የእሷ ወገን ሁን።»

አቶ አባይ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ በርጩማው ተጠጉ።

«እሺ ደረበ፣ ምን በደለችህ?»

ደረበ ውሸት አይሆንለትም። «ኧረ ምንም አልበደለችኝም፣ አባቴ።»

«ሰድባህ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«በችግርህ ጊዜ ጥላህ ሄዳለች?»

«ኧረ የለም። አምና ትራክተሩ ጭቃ ውጦት ስናድር እንኳ አብራኝ ነበረች።»

ሽማግሎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አቶ አባይ ፓኮዋን በሐዘኔታ አዩና፣ «እህሳ! ይቺን ነው የምትፈታት?» አሉ።

ወንድዬ ከኋላ ጎንበስ ብሎ መጣ። «አባቶቼ፣ የተባለው ማለያየት ነው። ማስታረቅ አይደለም።»

«አንተ ልጅ፣» አሉ አቶ አለምሰገድ፣ «ሳያስታርቁ ማፋታት የት አየህ? እርቁን ሞክረን ሞክረን ሲያቅተን ነው መለያየት። ሥርዓት አለው። በል ደረበ፣ እስከ ቀጠሮው አብራችሁ ሰንብቱ። ነገር በሽማግሌ ተይዞ መራራቅ ጥል ያከርራል።»

ደረበ ከጧት ጀምሮ አንድም ሳያጨስ ነበር የመጣው። ፓኮዋን መልሶ ኪሱ ከተተና አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ቤቱ ሲገባ አልጋ ሥር ወረወራት። ቁርጥ አድርጎ ነበር፤ አይነካትም። አፉ ሲያስቸግረው ጥሬ ሰሊጥ ይቅማል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ትራክተሩን ይሳደባል። ቀጠሮው ሳይደርስ ግን አቶ አባይ ሊጎበኙ መጡ። አልጋው ሥር አዩዋት።

«ምነው ደረበ? መሬት ላይ?»

«አባቴ፣ ሲጋራ እኮ ናት።»

«ብትሆንስ? በቀጠሮ ላይ ያለችን እንዲህ አይጥሏትም። እኔ የእሷ ወገን ነኝ፣ ይከፋኛል።» አቧራዋን በጋቢያቸው ጠርገው ትራሱ ላይ አስቀምጠዋት ሄዱ። ደረበ መደብ ላይ ተኛ።

በሁለተኛው ቀጠሮ አቶ አለምሰገድ «የወጣችበት ቤት የማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ሕዝቡ ባንድ አፍ «ዘሀቢያ ሻይ ቤት!» አለ። ዘሀቢያ ሻይ የምታፈላ፣ ሲጋራም በፍሬ የምትሸጥ ሴት ናት። እጇን በሽርጧ እየጠራረገች መጣች።

«ዘሀቢያ፣ ልጅቷ ካንቺ ቤት ናት አሉ። ምን ትያለሽ?»

«የቷ ልጅ? ወላሂ እኔ ልጅ የለኝም እዚህ! ይቺ? ይቺማ በካርቶን ነው የምትመጣልኝ፣ ከማዶ፣ ከሱዳን።»

«ዘመድ የላትም?»

«የሲጋራ ዘመድ ክብሪት ነው! ኸላስ፣ በቃ፣ ሻዬ ገነፈለ፣ ልሂድበት!»

ሕዝቡ ሳቀ። ሽማግሎቹ ግን አልሳቁም። አቶ አለምሰገድ ቀስ ብለው ተናገሩ። «አገር አቋርጣ የመጣች ናት። እናት የላት፣ አባት የላት። ይቺን የት ትሂድ ብለን ነው የምናፋታት? ደረበ፣ አንተስ ልብ የለህም?»

ደረበ ማልቀስ አማረው። «አባቴ፣ እኔ እኮ ሚስት አለችኝ። ልጅ አለችኝ።»

«እሱንም እናየዋለን። አንድ እርቅ በአንድ ጊዜ ነው።»

በሦስተኛው ቀጠሮ ሽማግሌ ይቆርጣል መባሉ ገለጉ ድረስ ተሰማ። አገኘሽ ወንጌልን ታቅፋ ማሽላ በጫነ መኪና ላይ መጣች። ፍራሿንና ፌስታሏን ግን አላወረደችም። ሾፌሩን «እዚሁ ጠብቀኝ። ፍርዱ ካላማረኝ አብሬህ እመለሳለሁ» አለችው። ሾፌሩም ምን ቸኮለ፤ ሞተሩን አጥፍቶ ሊያይ መጣ።

ሕዝቡ ተሰበሰበ። አቶ አባይ ግን ቦታቸው ላይ የሉም፤ ደረበ በርጩማው ላይ ያስቀመጣት ፓኮም የለችም። ሁሉ ሰው «የት ሄዱ?» ሲል ከመጋዘኑ ጀርባ ብቅ አሉ። አንገታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመዋል። ድንጋዩ ላይ ፓኮዋ አለች። እየተንገዳገዱ መጥተው ደረበ እግር ሥር ተንበረከኩ።

«ስለ እግዚአብሔር ብለህ ታረቃት! አጥፍታም ከሆነ እኔ ልካስልህ!»

ሌሎቹም ሽማግሎች ተነሥተው ቆሙ። «ታረቅ! ታረቅ በል!»

በዚያ አገር ድንጋይ ተሸክሞ የመጣን ሽማግሌ እምቢ ያለ ሰው፣ ነገ ሲቸግረው ማንም አይቆምለትም። ደም የተቃባ እንኳ ድንጋዩን ሲያይ ይረታል። ደረበ ወደ ሽማግሎቹ አየ። ወደ አገኘሽ አየ። እሷ ልጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ አንድ እግሯን ወደ መኪናው አዙራለች። ወንጌል አሳላት። ቀጭን ሳል ናት፣ ግን ሁሉም ሰማት።

«አልታረቅም!» አለ ደረበ።

«ምን አልክ?»

«አልታረቅም አልኩ! ብታለቅሱም አልታረቅም! ድንጋዩን ብትቆልሉትም አልታረቅም! እርገሙኝ ከፈለጋችሁ!»

አቶ አባይ ከነድንጋዩ ቀና አሉ። «እኔን ነው እምቢ ያልከው? በዚህ ሽበቴ?»

«እርስዎን አይደለም አባቴ፣ ይነሡልኝ፤ እግርዎን ልሳም። እሷን ነው!»

አቶ አለምሰገድ ብትራቸው ላይ ተደገፉ። ፊታቸው የታመመ ሰው ፊት መሰለ። በመጨረሻ፣ «እንዲህ ያለ ልበ ደረቅ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም» አሉ። «ከእንግዲህ በእርቅ ጉዳይ ስሙን እንዳታነሡብኝ። አቅቶናል። ተለያይተዋል!»

ወንድዬ ብቻውን አጨበጨበ፤ ሰው ዞሮ ሲያየው ተወ። ሽማግሎቹ ደረበን ሳይመርቁ ተበተኑ። አቶ አባይ ፓኮዋን ከመሬት አንሥተው፣ «ነይ ልጄ፣ ሜዳ ላይ አልጥልሽም» እያሉ ደረት ኪሳቸው ከተቷት።

ደረበ ላብ በላብ ሆኖ ቁሟል። አገኘሽ ወደ እሱ መጣች። አጠገቡ ቁማ እንደ ጠረጠረ ሰው አሸተተችው፣ አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ። ናፍጣና ሰሊጥ ብቻ ነው የሸተታት።

«አንተዬ፣ ሽማግሌ እምቢ አልክ እኮ።»

«አዎ። አዋረድኩሽ?»

«ዝም በል። ድንጋይ የተሸከመ ሽማግሌ እምቢ ያለ ሰው አንዲት ፍሬ ሲጋራ እምቢ ማለት አያቅተውም።» ልጇን ሰጠችው። ወንጌል የአባቷን ጺም ይዛ ጎተተች።

የመኪናው ሾፌር ጮኸ። «እትዬ፣ ቁርጡን ንገሪኝ! ትመለሻለሽ ወይስ ልሂድ?»

«ፍራሹን አውርድልኝ» አለች አገኘሽ።