የእናቴ ካውያና የእትዬ ኢንገር ወረቀት

ልጅ ሳለሁ ተረት የሰማሁት ከመተኮሻ ጠረጴዛ ሥር ነው። ይርጋለም አጠገብ በነበረ አንድ የሚሲዮን ግቢ እናቴ ልብስ አጣቢ ነበረች፤ ቀን ታጥባለች፣ አመሻሹ ላይ ትተኩሳለች። ያኔ ካውያው የከሰል ነበር። ክዳኑ ሲከፈት ፍሙ ፊቷን ያቀላዋል፣ የእርጥብ አንሶላ እንፋሎትና የከሰሉ ጭስ ተቀላቅሎ ወደ ጣሪያው ይወጣል፣ እኔም የልብስ ቅርጫት ውስጥ ተጋድሜ ፋኖሱ ግድግዳው ላይ የሚጥለውን የእጇን ጥላ ሲሄድ ሲመለስ አያለሁ።

ተረቱን የሚነግሩን እትዬ ኢንገር ነበሩ። የሚሲዮኑ ሐኪም እህት ናቸው፤ ከኖርዌይ ከወንድማቸው ጋር መጥተው ግቢው ውስጥ ይኖሩ ነበር። በአማርኛቸው ሰው ሁሉ «አንቺ» ነው። ሽማግሌውን ዘበኛ ሳይቀር «አንቺ» ይሉታል፣ እሱም «አቤት እመቤቴ» ይላቸዋል። ሲመሽ መጥተው በርጩማ ላይ ይቀመጡና የአገራቸውን ያወራሉ።

በዚያ አገር ተራራ ላይ ሴቶቹ ላሞቻቸውን ከማዶ በድምፅ ብቻ ይጠራሉ አሉ። አንዲት ትንሽ ልጅ ያንን ጥሪ ሰምታ በነጩ የቤት ግድግዳ ላይ በከሰል ምልክት አደረገችው። አባቷ አጠበው። በነጋታው እንደገና ጻፈችው። አድጋ ከተማ ስትገባ አስተማሪዋ «ሴት ትዘፍናለች እንጂ ዜማ አትደርስም» አላት። እሷ ግን ፀሐይ በማትወጣበት ክረምት ሻማ እያበራች ደረሰች፤ አርባ ወንዶችም በትልቅ አዳራሽ በየሙዚቃ መሣሪያቸው ተጫወቱላት። ሲጨርሱ መሪያቸው ዘወር ብሎ «ማን ረዳሽ?» አላት። ከዚያ ቀን በኋላ ልጅቷ ብዕር አላነሣችም።

«አርባ ወንድ ለአንድ እንጉርጉሮ?» አለች እናቴ ፍሙን እያራገበች። «እኔ ብቻዬን አይደል እንዴ የምወጣው።»

እትዬ ኢንገር ሳቁ። ቆይተው ዓይናቸውን ጠረጉ። ልጅቷ እሳቸው መሆናቸውን ያኔ አላወቅሁም፤ ተረት ነበር የመሰለኝ።

እናቴ እውነቷን ነው። ስትተኩስ ታንጎራጉራለች፤ ግጥም የለውም፣ ከካውያው ጋር ይሄዳል፣ ይመለሳል። አንድ ማታ እትዬ ኢንገር ወረቀትና ብዕር ይዘው መጡ።

«አንቺ በዪ፣ እኔ ልጻፍ» አሏት።

«አይጻፉት፣ እትዬ። ዛሬ ያልኩት ነገ አይገኝም። ከተጻፈ እንደ ተተኮሰ ኮሌታ ድርቅ ይላል።»

እትዬ ኢንገር ብዕራቸውን ከደኑ። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ እየመጡ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፣ ትንሽ ይጽፋሉ፣ ደግሞ ይሰማሉ። ወንድማቸው ታሞ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ወረቀቷን ለእናቴ ሰጧት። በታችኞቹ መስመሮች ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ሞልቷል፤ የላይኞቹ ባዶ ናቸው። ቀለም አልቆባቸው መሰለኝ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ እኔም እንደ እሷው ነኝ፣ ይህንንም የምትጽፍልኝ ልጄ ናት። ወረቀቷ ሳጥን ውስጥ ገባች።

እናቴ ቶሎ ሞተች። ፎቶዋ የለኝም፣ ድምፅዋንም የቀዳው የለም። እንጉርጉሮዋ እያደር ከጆሮዬ ጠፋ። ወደ ፈረንጅ አገር ከመጣሁ በኋላ፣ እዚህ ሶዶ በሚሉት ሰፈር የሆቴል አንሶላ በሚተኮስበት መጋዘን ስሠራ በማሽኑ ጩኸት መሃል ልይዘው እሞክር ነበር፤ ያመልጠኛል። ቢሆንም ወረቀቷ አለች፣ ተጽፏል፣ እኔ አላነበው እንጂ፣ እያልኩ ኖርኩ። የሚያነብልኝም አልፈለግሁ። የለም ቢሉኝስ?

ዘንድሮ ወረቀቷ በእጥፋቷ መቀደድ ጀመረች። የልጅ ልጄ ሃና እዚሁ ሬኒየር ቫሊ በሚሉት ሰፈራችን፣ ሳሎናችን ውስጥ፣ ያንን ሰው የሚያህል የፈረንጅ ማሲንቆ፣ ቼሎዋን፣ ስትገዘግዝ ነው የምትውለው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ፊቷ አስቀመጥኩላት።

«ኦኬ፣ ልሞክረው» አለች።

ተጫወተች። የእናቴ እንጉርጉሮ አልነበረም። ወፍራም ድምፅ ነው፤ ሄደ፣ ቆመ፣ ተመለሰ። ይህን ነው ወይ ዕድሜ ልኬን ያስቀመጥኩት አልኩና ልነሣ ብድግ ስል ሃና ቀስቷን አወረደች።

«ሶ ሜሎዲው የታለ፣ አባባ? ላይኛው ኤምፕቲ ነው።»

«እትዬ ኢንገር ቀለም አልቆባቸው ነው።»

«ኖ። እስከ መጨረሻው መስመሩን አስምራ ነው የተወችው። ሰው እንዲዘፍንበት ነው።»

ተመልሼ ተቀመጥኩ። «እስቲ ድገሚው» አልኳት።

ደገመችው። ሄደ፣ ቆመ፣ ተመለሰ። በአራተኛው ምልልስ ላይ ዝም ይላል፤ እናቴ ካውያውን አንሥታ ፍሙን የምታራግበው እዚያ ላይ ነበር። እትዬ ኢንገር የጻፉት ካውያውን ነው። የእናቴን ቦታ ለእናቴ ትተውላታል። ብዕር አላነሣችም የተባለችው ልጅ ለዚህ አንሥታለች።

አፌን ከፈትኩ። የወጣው የሽማግሌ ድምፅ ነው። ከካውያው ጋር ግን ሄደ፣ ተመለሰ። ሁለተኛ ስንለው ሃና አቆመችኝ።

«ቅድም እንደዚህ አላልከውም እኮ።»

«አዎ።»

እርሳስ አነሣች። «ልጻፈው? ትረሳዋለህ።»

ባዶዎቹን መስመሮች አየኋቸው። እናቴ እዚያ ናት ብዬ ስንት ዘመን ጠበቅሁ። እጄን ወረቀቷ ላይ አኖርኩ።

«ተይው፣ የኔ እናት። ከመጀመሪያው ጀምሪ።»

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እንለዋለን። አንድም ቀን የእናቴን ሆኖልኝ አያውቅም። ሃና አራተኛው ላይ ቀስቷን አንሥታ ዝም ስትል ግን፣ የፍሙ ሙቀት ፊቴ ላይ ይመጣል።