የትንሣኤ ጎረቤት

አባቴ ሞትን አይፈራም። የሚፈራው ከሞት ሲነሳ አጠገቡ የሚያገኘውን ሰው ነው።

ሰውዬው ጎረቤታችን ናቸው። ከአማን ከተማ ወጣ ብሎ የቡና ማሳችን ከእሳቸው ማሳ ጋር ይዋሰናል። ከዓመታት በፊት ድንበሩ ላይ የነበረውን ትልቅ ዋንዛ ለጣውላ ብለው ቆረጡት፤ ጥላ ያጣው ቡናችን ፀሐይ ፈጀው። ከዚያ ወዲህ አባቴ አኩርፏል። አባቴ ደግሞ ሲያኮርፍ ለጉድ ነው! እድር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው እንኳ "ለዚህ ሰውዬ ጠጋ በል በሉልኝ" ይላል፣ እሳቸው በገዛ ጆሯቸው እየሰሙ።

ዘንድሮ ቡአ አመመው። ሐኪሙ "አንጀቱ ከታነቀ ይሞታል፤ ቶሎ ኦፕራሲዮን ይሁን" አለን። አባቴም እሺ አለ። ከመግባቱ በፊት ግን፣ ምናልባት ብሎ፣ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ካህናቱን አስፈቅዶ የያዘውን የመቃብር ቦታ ሊያይ ሄደ። ልክ ከጎኑ አዲስ የድንጋይ ምልክት ተተክሏል። የማን ነው ብሎ ቢጠይቅ፣ የጎረቤታችን!

ተንጨርጭሮ ተመለሰ።

"አልገባም! እዚያው ቢላ ስር ብቀርስ? የምጽአት ቀን መለከት ተነፍቶ ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የሱን ፊት ልይ?"

"አባዬ፣ ያኔ ዋንዛ ትዝ ይልሃል?"

"በአዲስ ሥጋ ነው እንጂ በአዲስ ጭንቅላት እንነሳለን ያለሽ ማነው?"

በየቅዳሴው የሙታንን ትንሣኤ ተስፋ እናደርጋለን እንላለን። እኔ ስለው ሐሳቤ ገበያ ነው። አባቴ ግን ቀኑ እንደተቆረጠ ሠርግ አድርጎ ያምነዋል፤ ለዚህም ነው ከማን ጎን እቀመጣለሁ እያለ የሚጨቃጨቀው። ወይ ጣጣ! አባቴን በተስፋው ብዛት ላጣው ነው!

በዝናቡ ጭቃው እያንሸራተተኝ ጎረቤታችን ዘንድ ሄድኩ። ያሰጡትን ቡና በሸራ እየሸፈኑ ነበር።

"ጋሼ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ ቦታውን ይልቀቁልን።"

"አለቅም፤ አስቤበት ነው የያዝኩት" አሉኝ። "እዚህ ይቅርታ ልጠይቀው ብል ፊቱን ያዞራል። ሽማግሌ ብልክ መለሰብኝ። ያኔ ግን ገና ዓይኑን እንደገለጠ፣ ዋንዛው ትዝ ሳይለው፣ እንደምን አደርክ ብዬ እቀድመዋለሁ።"

አንጀቴን በሉት። ሄጄ ቃል በቃል ለአባቴ ነገርኩት።

"ሞኝ!" አለ። "እኔን ሊቀድም?" ከዚያ ልብሴን አዘጋጂልኝ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ አለኝ።

ከኦፕራሲዮን እስኪወጣ እኔና ሰምተው የመጡት ጎረቤታችን በር ላይ ተቀምጠን አለቀስን። ወደ አልጋው ሲያስገቡን እሳቸው ቃላቸውን በሹክሹክታ ይለማመዳሉ፤ እኔ ከራስጌው ቆምኩ። አባቴ ዓይኑን ሲገልጥ ግን እንባ አነቃቸውና አንደበታቸው ተያዘ።

አባቴ ሰመመኑ ሳይለቀው ነጩን ጋቢያቸውን አየ፤ ቀጥሎ ፊታቸውን።

"እንደምን አደርክ?" አለ።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ ጎረቤታችን፣ እጁን በሁለት እጃቸው ጨብጠው እየተንሰቀሰቁ።

አባቴ እጁን ሳያስለቅቅ ክፍሉን ግራ ቀኝ ቃኘ።

"ሌላው ሰውስ?" አለ። "እኛ ሁለታችን ብቻ ነን እንዴ የተነሳነው?"