የዳነው በሬ

ከሾላ ገበያ በላይ ባለው ሰፈር፣ ጋሽ ፀሐዬ ዳብሰው «ይሁን» ያላሉት በሬ ለቅርጫ አይታረድም። አናጢነታቸውን ጥቂት ሰው ነው የሚያውቀው፤ በሬ አዋቂነታቸውን ግን ሕፃኑም ያውቃል። ሃያ ዓመት የገነቡት ስም ነው።

ለዘንድሮ ፋሲካ እንጦጦ ጀርባ ወጥተው ልደቱ ከሚባል ገበሬ አንድ ቀይ በሬ መረጡ። ታፋው ላይ እጃቸው እብጠት አገኘ።

«መርፌ ነው?»

«ማክሰኞ ወጋሁት ጋሼ፣ እያነከሰ ነበር። ፔኒሲሊን ነው። ይኸው ድኖ ይዘላል!»

«ሐኪም አየው?»

«የምን ሐኪም? መድኃኒቱ ከሱቅ፣ መውጋቱ ከኔ!»

ከመታረዱ በፊት ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት ብልቃጡ ላይ ተጽፏል። ማን ያነባል! በሽታው ሲወጣ መድኃኒቱም አብሮት የወጣ ይመስለናል። ለጋሽ ፀሐዬም እንደዚያው መሰላቸው።

እሑድ ማለዳ ታፋው ሲከፈት፣ መርፌው የገባበት ሥጋ ውሃ አዝሎ ገርጥቷል። ቢላዋቸው ቆመ። ቆርጦ መጣል ነበር። ግን በቅርጫ እያንዳንዱ ብልት ለስምንቱም መደብ ይዳረሳል እንጂ አይጣልም። ይጣል ቢሉ ደግሞ «ለምን?» ይመጣል።

«ምነው ጋሽዬ፣ ዓይንዎ ደከመ እንዴ?» አለች መደቧን ልትወስድ የመጣችው ጎረቤታቸው ውዴ። «ለከርሞ መነጽር እንገዛልዎታለን!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሽ ፀሐዬ ስምንት ቦታ ቆረጡት። እኩል አድርገው! መርዙን እንኳ ያለ አድልዎ አካፈሉ።

ውዴ ዕጣዋ እንደወጣ፣ እዚያው ቆማ ከታፋው በሚጥሚጣ ጎረሰች። ብዙም ሳይቆይ ፊቷ አበጠ፣ ሰውነቷ ሽፍ አለ፣ ትንፋሿ ያፏጭ ጀመር። ተሸክመው ጤና ጣቢያ አደረሷት።

«የማይስማማት መድኃኒት አለ?» ነርሷ የውዴን ልጅ ፌበንን ጠየቀቻት።

«ፔኒሲሊን። አንድ ጊዜ ሊገድላት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ነክታው አታውቅም። ዛሬ ሥጋ ብቻ ነው የበላችው።»

ከተሸካሚዎቹ ጋር የመጡት ጋሽ ፀሐዬ የሃያ ዓመት ስማቸውን አሰቡ። ዝም ማለት ይቻል ነበር። ስንቱ ነው ዝም ብሎ በክብር የሚኖረው!

«ወስዳለች» አሉ። «ሥጋው ውስጥ አለ። መወጋቱን እያወቅሁ እኔ ነኝ ቆርጬ የሰጠኋት።»

ነርሷ መርፌዋን ይዛ ሮጠች። ፌበን ፊቷን አዞረችባቸው። የውዴ ትንፋሽ መለስ ሲል ሰሙ፤ ያን ጊዜ ነው ወጥተው ወደ ሰፈር የገሰገሱት። ገና ሰባት ቤት አለ።

የመጀመሪያው በር የሕዝቅኤል ነው። ቤተሰቡ ሁሉ ቁርጡን ከቦታል።

«ይግቡ ጋሽ ፀሐዬ!» አለ ሕዝቅኤል ጉንጩ እንደሞላ። «የዘንድሮ ምርጫዎ ማር ነው፣ ማር!»

«ትፉት» አሉ።