ለለቅሶ ቤት የሚሆን ወንበር

በዚያ እሑድ ከሰዓት በኋላ በእድራችን አዳራሽ የነበርነው እነዚህ ነን፦ የእድሩ ሰብሳቢ፤ ከሁሩታ ስንዴ እያስመጡ የሚነግዱት ገንዘብ ያዥ፤ ጡረታ የወጡት የወለንጪቲው የከባድ መኪና ሾፌር፤ ወንበሮቹን የሠራው ልጄ፤ እና እኔ። ስድስተኛው ሰው ዘግይተው የመጡ ናቸው፤ ነገሩን ሁሉ ያናጉትም እርሳቸው ናቸው።

እድሩ በየለቅሶው ቤት የሚደረድራቸው የፕላስቲክ ወንበሮች ተሰባብረው ስላለቁ ሌላ ሊያሠራ ፈልጓል። ልጄ ሦስት ዝቅ ያሉ ወንበሮችን ለናሙና አቀረበ። እግራቸውና መደገፊያቸው ከታጠፈ ፌሮ ነው፤ መቀመጫቸው ግን ጨርቅም፣ ቆዳም፣ እንጨትም አይደለም። ሞጆ ደረቅ ወደብ አካባቢ አርጅቶ የሚጣለውን፣ ጭነት የሚታሰርበትን ብርቱካናማ ቀበቶ ሰብስቦ፣ አጥቦ፣ እንደ ጠፍር አልጋ አጠላልፎታል። ማጥበቂያ ብረቱንም ሳይነቅል ከመቀመጫው ሥር ትቶታል።

ይህ ትእዛዝ ካመለጠው የተከራየውን የሥራ ግቢ ለቅቆ ሞጆ ወደ ተወው የቢሮ ሥራ ሊመለስ ቆርጦ ነበር። ይህን ከእኔ በቀር በአዳራሹ የሚያውቅ አልነበረም፤ እኔም ልናገረው አልወደድኩም። አባት ለልጁ ዕቃ ተሟጋች ሲሆን አያምርም። ስለዚህ አልተቀመጥኩም። ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት እመላለሳለሁ፤ ነፋሱ የጣሪያውን ቆርቆሮ ያንኳኳል፤ ሰዓቴን ደጋግሜ አያለሁ፣ ስንት እንደ ሆነ ግን ልብ አልልም።

«መምህር፣ አንድ ቦታ ይርጉ እንጂ፤ ዓይናችን ዞረ» አሉኝ ገንዘብ ያዧ።

ሦስቱ ናሙናዎቹ ላይ ተቀመጡ። ሾፌሩ ቀበቶው ውስጥ ስጥም አሉና «ያ ኢጆሌ፣ እናንተ ልጆች! ዕድሜ ልኬን ሲሚንቶ ያሰርኩበት ቀበቶ ዛሬ እኔኑ አሰረኝ!» ብለው ሳቁ። ሰብሳቢው ተመችቷቸው ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። ልጄ ፈገግ አለ።

በዚህ መሐል የእድሩ መሥራች፣ የሰፈራችን አንጋፋ ሽማግሌ፣ ከዘራቸውን እየተመረኮዙ ገቡ።

«ኖር!» አሉ ሦስቱም፤ ሊነሡም ሞከሩ። አልሆነም። ሰብሳቢው ከወገባቸው ቀና ብለው ተመልሰው ሰጠሙ፤ ገንዘብ ያዧ ነጠላቸውን እንደ ያዙ ወደ ጎን ተንጋደዱ፤ የሾፌሩ እግሮች አየር ላይ ቀሩ። ሽማግሌው «በእግዜር» ሊሉ አፋቸውን እንደ ከፈቱ ቆመው ቀሩ።

«ባለጌ ወንበር የሚባለው ረጅሙ ነበር» አሉ ቆይተው፤ «አጭሩ ባሰ!»

ሁሉም ሳቁ፤ ልጄም እጃቸውን እየሳበ አስነሣቸው። ሰብሳቢው ግን ሳቃቸውን ቶሎ ዋጡት። «ለቅሶ ቤት ሰው ሲገባ ሲወጣ ነው የሚውለው። ለገባው የማይነሣ ለቀስተኛ ምን ሊባል ነው? የፕላስቲኩ ይሻለናል።»

ልጄ የጀርባን መዘንበል፣ የጉልበትን እጥፋት ለክቷል፤ ለገባ ሰው ብድግ ማለትን ግን አልለካም። ፊቱ ጠቆረ። ናሙናዎቹን ሊሰበስብ ጎንበስ ሲል አላስቻለኝም።

«ቀበቶው ይጠብቃል?» አልኩት። በዚያ ስብሰባ የተናገርኩት የመጀመሪያው ቃል ነው።

«ይጠብቃል፣ አባዬ። ከጠበቀ ግን ተራ አግዳሚ ሆነ ማለት ነው። ታዲያ ለምን ደከምኩ?»

«አንተ ልጅ፣ አባትህ ሲናገር መች ሰማንና ነው የምትመልስ? አጥብቀው!» አሉ ሾፌሩ።

የማጥበቂያውን እጀታ ከፍ ዝቅ አደረገ፤ ቀበቶው እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጠረ። ሰብሳቢው ተቀመጡበት። ሽማግሌው ወጥተው እንደ ገና ገቡ። «ኖር!» ሰብሳቢው ቀጥ ብለው ተነሡ።

«ለለቀስተኛው ይጥበቅ» አልኩ። «ሐዘንተኛው ግን ለገባው ሁሉ ይነሣ የሚለው የለም። ለእርሱ ይላላለት።»

ሰብሳቢው ሽማግሌውን አዩ። ሽማግሌው «ለሐዘንተኛው ይላላለት» ሲሉ ደገሙት፤ ትእዛዙ በዚሁ ጸደቀ። ገንዘብ ያዧ «በብርቱካናማ ላይ ተቀምጦ የሚያለቅስ ማን አለ?» ብለው ተከራከሩ፤ ጥቁር ጨርቅ ይጣልበት ተባለ።

ልጄ አላመሰገነኝም። «ግቢውን አልለቅም» ብቻ አለኝ፣ እንደ ተጣላ ሰው። ወዲያው ወንበሮቹን ገልብጦ ከሥራቸው ተንበረከከ፤ ሳይነኩት እየላላ፣ ሊነሡ ሲሉ የሚገፋ መቀመጫ ይሠራ እንደ ሆነ ለራሱ ያጉተመትም ጀመር። እኔ መቀመጥ አሁንም አልሆነልኝም፤ አጠገቡ ቆሜ የፌሮውን እግር ያዝኩለት። ሌሎቹ አራቱ ሲወጡ አዳራሹ ውስጥ የቀረነው ሁለት ነበርን።