ቤዝ ጊታሬ ዝም ያለ ቀን

ቤዝ ጊታሬ ሳልነካውም እዝዝ ስለሚል የባንዳችን ልጆች «ካላስተካከልሽው የቅዳሜውን ዝግጅት እርሺው» አሉኝ። የውጭ ኤሌክትሪክ ጩኸት እንዳይገባ ጊታሩ ውስጥ ያለውን የሽቦዎቹን ጉድጓድ በመዳብ ቁርጥራጭ ለበጥኩት፤ እዝዝታው ግን ያው ነው። ከነማጉያው ተሸክሜ መርካቶ ምን አለሽ ተራ፣ ብረት እየበየዱ ምድጃ ወደሚሠሩት ጎረቤታችን ሄድኩ።

ከፍተው ሲያዩት ሳቁ። «አንቺ፣ ይሄ መቼ ተያያዘ? ምድጃ ቢሆን በየስንጥቁ ይጨስ ነበር!»

«ጋሼ፣ መሸፈኑ ብቻ የሚበቃ መስሎኝ እኮ ነው።»

በመዳቦቹ መካከል ያለውን ስንጥቅ በመበየጃ ካውያ ሲበይዱ እያየሁ ገባኝ፤ የኔ መዳቦች አጠገብ ላጠገብ ተቀምጠው አይተዋወቁም ነበር። የመጨረሻዋን፣ ጩኸቱን ከመዳቡ ወደ መሬት የምትወስደውን የግራውንድ ሽቦ ለኔ ተዉልኝ። ራሴ በየድኳት።

ሰካሁትና ለድራመራችን ደውዬ ስልኩን ማጉያው ላይ ደገንኩ።

«ምንም አይሰማም እኮ!» አለች።

«እሱን ነው የምልሽ!»

ሳቀችና «ቅዳሜ እንዳታረፍጂ» አለችኝ።