በካሴቱ ውስጥ የነበረው ሦስተኛ ሰው

ነገሌ ቦረና ነው የተወለድኩት፤ ወላጆቼ ከጉራጌ አገር መጥተው ሱቅ የከፈቱ ናቸው። ኦሮምኛውን ከአማርኛው እኩል ስለምናገር፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ስለ ውሃ ችግር በሚያጠኑት ጥናት ላይ ቀጠሩኝ። አብሮኝ የተቀጠረው የሜጋ ተወላጅ መንደር ለመንደር ዞሮ ሰዎችን በካሴት ይቀርጻል፣ የተናገሩትንም በአማርኛ ይጽፋል። እኔ ቢሮ ቁጭ ብዬ ጽሑፉን መስመር በመስመር አነባለሁ፤ ለእያንዳንዱ ሐሳብ ኮድ፣ ማለትም አጭር መለያ፣ እሰጣለሁ፤ የሚመሳሰሉትን በአንድ ጭብጥ ሥር እሰበስባለሁ።

ከዱብሉቅ ወጣ ብሎ ካለ መንደር የመጡ ስድስት ቃለ መጠይቆች ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ስድስቱም ሴቶች ስለ ውሃው ሲጠየቁ «ናጋ ነው፣ ሰላም ነው፤ ምንም አልጎደለብንም» ብለዋል። ያውም በድርቅ ዓመት! ይሄ ሰውዬ የሆነ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ከራሱ የጻፈው ነው አልኩ በልቤ።

ለመምህሩ ከመናገሬ በፊት ካሴቶቹን እንዲሰጠኝ ባልደረባዬን ጠየቅሁት።

«ምነው፣ አላመንሽኝም?»

«ማመሳከር ያለ ነው» ብዬ ሸነገልኩት።

ካሴቶቹን ሰማሁ። ሴቶቹ እንደተጻፈው ብለዋል። ግን ከእያንዳንዷ መልስ በፊት አንድ ወንድ ይስላል። በስድስቱም ላይ ያው ሰው ነው፤ ወረቀቱ ላይ ግን የለም።

«ማነው ይሄ?» አልኩት።

«መንገድ ያሳየኝ ሰው ነው። ደግ ሰው ነው፤ ከጎኔ አልተለየም።»

«ሥራውስ?»

«ለመንደሩ ውሃ ለሚያመላልሰው ቦቴ ባለቤት ነው የሚሠራው» አለ፣ ድምፁ እየወረደ።

በማግስቱ ያለ መንገድ መሪ ሄድን። እሱ መኪናው ጋ ቀረ፤ እኔ ከስድስቱ አንዷ ወደሆኑት እናት ቤት ገባሁ። «አካም፣ ናጋ?» ብለን ሰላምታ ተለዋወጥን። ከኋላዬ አሻግረው አዩ።

«ያ ሰው አብሮሽ ነው?»

«የለም፣ እማማ።»

«አንቺስ የማን ነሽ?»

የአባቴን ሱቅ፣ ሰፈሬን ሁሉ ነገርኳቸው። መቅረጫውን አጥፊ አሉኝ፤ አጠፋሁ።

«ስለ ውሃ ያማረረ ሰው በር ላይ ቦቴው አይቆምም ተብለናል» አሉ። «ያን ቀን ያልኩትን አትሰርዢው፣ ከጠፋ እንደነገርኩሽ ይታወቅብኛል። ግን አታምኚው።»

መምህሩ ነገሩን ሲሰሙ ስድስቱን ቃለ መጠይቆች አልጣሉም። መንደሩ ሳይጠቀስ፣ መልሱ ሲሰጥ ማን አጠገብ እንደነበር ጭምር ተጽፎ እንዲተነተን አዘዙ።

ባልደረባዬን ይቅርታ ጠየቅሁት።

«ካሴት ከምትጠይቂ እኔን ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስንሠራ ከሥራ ውጪ ብዙም አያናግረኝም።

ከሌላ ቦታ፣ ከተልተሌ፣ ለመጡት ቃለ መጠይቆች ቀደም ብዬ ኮድ ሰጥቼ ጨርሻቸው ነበር። ካሴቶቻቸውን አስመጥቼ፣ ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ ሰው ድምፅ እንዳለ ለመስማት እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ።