ከመረብ የተመለሰች ኳስ

«ነፋሱ» የሚል ቅጽል ስም ያወጡለት በሩጫ የሚይዘው ስላልነበረ ነው። ኳስ ይዞ በክንፍ ከወጣ ተከላካዩ የሚያየው ጀርባውን ብቻ ነበር። ከሞተር ሳይክል ወድቆ አከርካሪው ከተጎዳ ወዲህ ግን፣ ከአንገቱ በታች የሚታዘዙለት የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ብቻ ሆኑ። «ነፋሱ ሄደ፣ ስሙ ቀረ» እያለ በራሱ ይቀልድ ነበር። እናቱ ይህን ቀልድ በሰማች ቁጥር ፊቷን አዙራ ያልተበላሸውን አንሶላ ታስተካክላለች።

ታላቅ እህቱ የኮምፒውተር ጌም የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ፕሮግራመር ናት። ሥራዋ ኳስ ነው፤ ስትመታ እንዴት እንደምትጠማዘዝ፣ እርጥብ ሣር ላይ እንዴት እንደምትንሸራተት፣ መረቡን ስትነካ እንዴት እንደሚወዛወዝ በሒሳብ ትጽፋለች። ይህን ሁሉ ስሌት የቤት ላፕቶፕ አይችለውም። ስለዚህ ኳሷን የሚያሰሉት ከከተማው ዳር አንድ ሕንፃ ውስጥ የተደረደሩ፣ ሰርቨር የሚባሉ ኃይለኛ ኮምፒውተሮች ነበሩ። የተጫዋቹ ማሽን ውጤቱን በኢንተርኔት ተቀብሎ ያሳያል፣ በቃ።

የነፋሱ ላፕቶፕ ያረጀና ቁልፎቹ የተነቃቀሉ ቢሆንም ጌሙን የቻለው ለዚህ ነው። እህቱ ጌሙን የሚያዝባቸው ሁለት ቀላል ማንሻዎች ከጣቶቹ ሥር ገጠመችለት።

«እህት ዓለም፣ ኳሷ ትከብዳለች!» አለ መጀመሪያ ሲሞክራት።

«ተበላሽታለች እንዴ?»

«ኧረ እውነተኛ ናት ማለቴ ነው። እግሬ ላይ ተሰማችኝ።»

እግሩ ምንም እንደማይሰማው ሁለቱም ያውቃሉ።

ብዙ ሳይቆይ በድምፅ ብቻ ከሚተዋወቁ ልጆች ጋር ቡድን ገባ። ተኝቶ እንደሚጫወት ማንም አላወቀም፤ አምበል አደረጉት። እህቱ ከሥራ ስትመለስ ጩኸቱ ከደጅ ይቀበላታል፦ «አግባት እኮ ነው ያልኩህ! እጮኛ አድርጋት መች ወጣኝ!» እናት ወጥ ቤት ሆና ትስቃለች። «ቤቴ ሰው ገባበት» ትላለች።

ከዚያ ድርጅቱ ወጪ በዛብኝ ብሎ ስሌቱን ባሕር ማዶ ወዳሉ ርካሽ ሰርቨሮች አዛወረው። ምቱ እዚያ ድረስ ሄዶ፣ ተሰልቶ እስኪመለስ ኳሷ ለቅጽበት ቆማ መነሳት ጀመረች። «ከመሄዷ በፊት ከዘመድ ትመካከራለች» አለ ነፋሱ። ሌሎቹ ቀደም ብለው መምታት ለመዱ። በሁለት ጣት ግን መቅደም አልሆነለትም፤ ልጆቹም ኳስ ማቀበላቸውን እየቀነሱ መጡ።

እህቱ አለቃዋ ዘንድ ገባች።

«ዐይን እስኪርገበገብ የምታህል ጊዜ እኮ ናት። ማን ያስተውላታል?» አላት።

«የሚያስተውላት ሰው ቤቴ አለ።»

«ይገባኛል። ግን ለአንድ ሰው ብዬ ሰርቨሮቹን አልመልስም።»

እምቢ ሲላት ሌላ መላ ዘየደች። የተጫዋቹ ማሽን የሰርቨሩን መልስ ሳይጠብቅ ኳሷ ወዴት እንደምትሄድ ገምቶ እንዲያሳይ፣ ግምቱ ከተሳሳተ መልሱ ሲደርስ እንዲያርም አድርጋ ጻፈችው። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቡድኑ ወደ ፍጻሜ ለማለፍ ሲጫወት፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

ኳሷ እንደ ድሮዋ ታዘዘችው። በክንፍ ወጣ፣ አንዱን አለፈ፣ መታ። ኳሷ ተጠማዝዛ መረቡን አወዛወዘችው።

«ገባች!»

ከአደጋው ወዲህ እንዲህ ጮኾ አያውቅም። እናት ሳሙና በነካው እጇ ሮጣ መጥታ ግንባሩን ሳመችው። ያኔ መልሱ ከባሕር ማዶ ደረሰ። በሰርቨሩ ስሌት ግብ ጠባቂው ቀድሟት ነበር። ኳሷ ከመረቡ ውስጥ ተነቅላ ወጣች፤ ግብ ጠባቂው አቅፏት ቆሟል።

«ምነው? ገብታ አልነበር እንዴ?» አለች እናት።

ነፋሱ ስክሪኑን ትንሽ አየና «እህት ዓለም፣ ይቺን አንቺ ነሽ የሠራሻት?» አለ።

«አዎ።»

«ጎበዝ። አምኜ ነበር እኮ።» ቀጥሎም «ዝጊው» አላት።

ልጆቹ አምበል የት ጠፋህ እያሉ ሲጽፉ «ሩቅ አገር ሄዷል በያቸው» አላት። ክረምቱ ሲገባ ሳንባው ታመመ፤ ሆስፒታል ሰንብቶ ሲመለስ ጣቶቹም እምቢ ብለው ነበር።

የተጫዋቾች ቅሬታ ሲበዛ ድርጅቱ ሰርቨሮቹን ወደ ቀድሞ ቦታቸው መለሰ። እህቱ ወሬውን እንደሰማች ቦርሳዋን እንኳ ሳትይዝ ቤት ደረሰች።

«መለሷቸው! ኳሷ እንደ ድሮዋ ሆናለች!»

«ደስ ይላል» አለ። «ልጆቹ ደስ ይላቸዋል።»

እጁን አንስታ ማንሻዎቹ ላይ አኖረችለት። ሁለቱም ጣቶቹን አዩ። አልተነቃነቁም።

«አንቺ ተጫወቺና ልይሽ» አላት።

ኳስ ስትጽፍ ኖራ መጫወት ግን አትችልበትም። ደጋግማ ተነጠቀች። «በግራ በኩል!» አላት አንዴ። ቀና ብላ ስታየው ዐይኖቹን ጨፍኗል፤ እንባው ወደ ጆሮው ይወርዳል። በእጅጌዋ አበሰችለትና ማሽኑን ልትዘጋ ተነሳች።

«ተይው፣ አትዝጊው» አለ ዐይኑን ሳይገልጥ። «ድምፁን ልስማ።»

ተመልሳ ተቀመጠች። እናት ገብታ መብራት እስክታበራ ድረስ እየተሸነፈች ተጫወተች።